ወደ መምህሩ የተመለሰው ተማሪ
(የሐይቁ አባ ኢየሱስ ሞዓ ታሪክ)

የመጽሔታችን አዘጋጆች ዘንድሮም እንደ ልማዳቸው ከስመ ጥር ሰዎች የአንዱን ታሪክ ጽፌ እንድሰጣቸው በጠየቁኝ ጊዜ፣ የማን ታሪክ እንደሚሆን አስቀድሜ ቈርጬ ነበር። ይኸውም ከዛሬ 770 ዓመት ገደማ በፊት በሐይቅ እስጢፋኖስ ትምህርት ቤት የከፈቱት መምህር አባ ኢየሱስ ሞዓ ናቸው። ስለ እርሳቸው እንድጽፍ ያነሣሣኝ ግን መጽሐፍ ሳይሆን ባለፈው ጥር ወር ወደ ክፍሌ የገባች አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ ስለ ሆነች፣ አንባብያን ጥቂት ታግሠው አስቀድሜ ይህንኑ እንዳጫውታቸው ይፍቀዱልኝ።

ቤቴል ማለት ለብዙዎቻችን ጧት ጦር ኃይሎች ላይ የታክሲ ረዳቶች እየጮኹ የሚጠሩት ስም ነው። ትርጉሙ በዕብራይስጥ የእግዚአብሔር ቤት ማለት እንደ ሆነ የሰንበት ትምህርት የተማረ ልጅ ሁሉ ያውቃል። ያዕቆብ በወጣትነቱ ወንድሙን ሸሽቶ ሲሄድ ድንጋይ ተንተርሶ ያደረበት ቦታ ነው፤ ከብዙ ዓመት በኋላም ቤተ ሰቡን ይዞ ወደዚያው ስፍራ ተመልሶ መጥቷል። ስለ መሄዱ የሚነግረን ብዙ ነው፤ እኔ ግን ስሙን በሰማሁ ቍጥር ትዝ የሚለኝ መመለሱ ነው። ምክንያቱም በዚህ ሰፈር ታሪክ ሳስተምር 24 ዓመት ሆኖኛል፤ በእነዚህም ዓመታት ውስጥ የልቤን ደስታ ያገኘሁት ከደመወዝ ቀን ይልቅ የቀድሞ ተማሪ በሩን ከሚያንኳኳበት ቀን ነው።

ገበሬ የዘራውን በዚያው ዓመት ያጭዳል፤ ሸክላ ሠሪዋም ጀበናዋ ደኅና መውጣት አለመውጣቷን እሳቱ ሲበርድ ታየዋለች። መምህር ግን ልጁን በሰኔ አሰናብቶ የቀረውን ሳያይ ይኖራል። ታሪኩን እስከ መካከሉ አንብቦ መጽሐፉን ለሌላ ሰው እንደ ሰጠ ሰው ነው። ስለዚህ ተማሪ ሲመለስ፣ ለሠርግ ጥሪ ካርድ ይዞም ይምጣ፣ ከመዝገብ ቤት ወረቀት ሊያስጽፍ መጥቶም በዚያው ብቅ ይበል፣ የገዛ ልጁን ሊያስመዘግብም ይምጣ፣ ለእኛ ያ የቀረው ክፍል ተገለጠ ማለት ነው። ከዓመት በፊት አንድ ከባድ መኪና ነጂ ከጅቡቲ ሲመለስ አንድ ካርቶን ቴምር አምጥቶልኝ ነበር፤ በተማሪነቱ ጊዜ በዓመት ውስጥ ክፍል የገባበት ቀን ካልገባበት ያንስ እንደ ነበር የሥራ ባልደረቦቼ ሁሉ ያስታውሳሉ። ቴምሩን አብረን በላነው።

ጥር ላይ የመጣችው ግን እንዲህ የምትረሳ አይደለችም። በተማሪነቷ በመጨረሻው ረድፍ በግድግዳው ጥግ ተቀምጣ፣ እጅዋን ሳታነሣ፣ ዓመቱን በዝምታ የጨረሰች ልጅ ነበረች። ሰሌዳው ላይ የጻፍኩትን በደብተሯ ስትገለብጥ ግማሹን ትዘልለው ስለ ነበር፣ አንድ ቀን ደብተሯን አይቼ ተበሳጨሁና ታሪክ እንጀራዋ እንደማይሆን በክፍሉ ሁሉ ፊት ነገርኋት። ይህን አሁን በመጽሔት ላይ መጻፍ አያስደስተኝም፤ ነገር ግን ያለ እርሱ የሚቀጥለው አይገባም። ያች ልጅ በዩኒቨርሲቲ ያጠናችው ታሪክን ነው፤ ሁለተኛ ዲግሪዋንም በዚያው ይዛለች።

በዚያ ቀን የማስተምረው ስለ ጥንት ገዳማት ነበር። በሩ ላይ ቆማ ፈቃድ ጠየቀችኝና ከኋላ ተቀመጠች። እኔም እንግዳ አለ ብዬ ድምፄን ትንሽ ከፍ አድርጌ፣ 24 ዓመት ሙሉ ስሠራው የኖርኩትን ሥዕል በሰሌዳው ላይ ሠራሁ፤ ከላይ ደብረ ዳሞን፣ ከሥሩ ሐይቅ እስጢፋኖስን፣ ከሁሉ በታች በሸዋ የሚገኘውን ደብረ አስቦን ጻፍኩና ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ቀስት አደረግሁበት። መምህር ይሰጣል፣ ተማሪ ይቀበላል ማለቴ ነው። ደወል ተደውሎ በመምህራን ክፍል ሻይ ስንጠጣ፣ በትሕትና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ከእነዚያ ቀስቶች አንዱ ወደ ላይም መመለስ እንደ ነበረበት ነገረችኝ፤ የምታስረዳበትንም ጽሑፍ ከቦርሳዋ አውጥታ ተወችልኝ። ፊቴ ጋለ። አመስግኜ ሸኘኋት እንጂ በልቤ ደስ አላለኝም ነበር። ማታ ቤቴ ገብቼ ራቴን እንኳ በወጉ ሳልበላ ማንበብ ጀመርሁ። እንግዲህ ያነበብሁትንም፣ ከዚያ በፊት የማውቀውንም አንድ ላይ አድርጌ የአባ ኢየሱስ ሞዓን ሕይወት እነሆ እጽፋለሁ።

አባ ኢየሱስ ሞዓ የተወለዱት በአውሮፓ አቈጣጠር በ1214 ገደማ፣ ዳህና በሚባለው አገር ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) ዘመኑ የዛጔ ነገሥታት ዘመን ነበር፤ እርሳቸው ሲወለዱ በዙፋኑ ላይ የነበረው አብያተ ክርስቲያናቱን ከአለት በማነጽ ስሙ የሚጠራው ንጉሥ ላሊበላ ነው። ስለ ልጅነታቸው የሚነገረው ብዙ አይደለም። ወደ ሠላሳ ዓመት ሲጠጋቸው አገራቸውን ትተው ወደ ሰሜን ሄዱና በትግራይ ወደሚገኘው ወደ ደብረ ዳሞ ወጡ። ወጡ ማለቴ በእውነት መውጣት ነው፤ ደብረ ዳሞ ዙሪያውን በገደል የታጠረ አምባ ስለ ሆነ፣ ወደ ላይ የሚደረሰው 15 ሜትር ያህል በሚሆን ገደል ላይ በተንጠለጠለ ጠፍር ነው። ገዳሙን የመሠረቱት ከዘጠኙ ቅዱሳን አንዱ አቡነ አረጋዊ መሆናቸውን ሁላችንም እናውቃለን።

በዚያን ጊዜ የደብረ ዳሞ አበ ምኔት አባ ዮሐኒ ነበሩ። አባ ኢየሱስ ሞዓ ከእግራቸው ሥር ሰባት ዓመት ያህል ተቀመጡ። ጸሎቱንና ጾሙን ተማሩ፤ መጻሕፍትንም መገልበጥ ተማሩ። ይህ የመጨረሻው ነገር ወደ ፊት ሥራቸው ሁሉ የቆመበት መሠረት ስለ ሆነ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ዛሬ ተማሪዎቻችን መጽሐፍ ሲጠፋባቸው ፎቶ ኮፒ ያስነሣሉ፤ ወይም በስልካቸው ፎቶግራፍ ያነሡታል። በዚያ ዘመን አንድ መጽሐፍ ለማግኘት አስቀድሞ ፍየል ወይም በግ ማረድ ያስፈልግ ነበር። ቆዳው ይዘፈዘፋል፤ በእንጨት ላይ ይወጠራል፤ ጠጕሩና ሥጋው ተፍቆ ይለሰልሳል፤ ሲደርቅ ብራና ይሆናል። ከአንድ ፍየል የሚወጣው ጥቂት ቅጠል ብቻ ስለ ሆነ ለአንድ ወንጌል የፍየል መንጋ ያልቃል። ጥቍሩ ቀለም ከጥላሸትና ከልዩ ልዩ ቅመም ተፈጭቶ፣ ተቦክቶ፣ ብዙ ቀን ተቀምጦ ይሰናዳል፤ ቀዩ ለርእስና ለቅዱሳን ስም ነው። ብዕሩ መቃ ነው። ጸሓፊው ብራናውን በጕልበቱ ላይ አድርጎ ፊደል በፊደል ይጽፋል፤ ወራት ይፈጅበታል። እንግዲህ ይህን ሥራ የሚያውቅ አንድ ሰው አገር ለውጦ ቢሄድ፣ ሄዶ ያረፈበት ቦታ ቤተ መጻሕፍት ሊሆን ይችላል ማለት ነው። የሆነውም ይኸው ነው።

በ1248 አባ ኢየሱስ ሞዓ ከደብረ ዳሞ ወርደው ወደ ደቡብ ተጓዙና ሐይቅ ደረሱ። ሐይቅ ከደሴ ከተማ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኝ፣ ዙሪያውን ኮረብታ የከበበው ውሃ ነው። የእስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ያለበት ስፍራ በዚያን ጊዜ ደሴት ነበር፤ አሁን ከየብስ ጋር ስለ ተገናኘ በእግር ይገባል፤ ለሴቶች ግን እንደ ደብረ ዳሞ ሁሉ አይፈቀድም። ቤተ ክርስቲያኑ እርሳቸው ከመምጣታቸው ከብዙ ዘመን በፊት የተተከለ ነው። ትምህርት ቤት ያደረጉት ግን እርሳቸው ናቸው። ደሴቱን የመረጡበት ምክንያት ጸጥታው እንደ ሆነ መገመት አያስቸግርም፤ እኔ ግን እንደ መምህርነቴ ሳስበው፣ ተማሪ ከትምህርት እንዳይኰበልል ዙሪያውን ውሃ መኖሩም ሳይጠቅም አይቀርም።

ትምህርት ቤቱ ቀስ በቀስ በረታ። ከአማራ፣ ከሸዋና ከሌላውም አገር ወጣቶች እየመጡ መጻሕፍት አነበቡ፤ መጻሕፍት ጻፉ፤ ምንኵስናም ተቀበሉ። ከእነርሱ አንዱ አባ ኂሩተ አምላክ ወደ ጣና ሄደው የዳጋ እስጢፋኖስን ገዳም እንደ መሠረቱ ይነገራል። በ1270 የነገሠው ይኵኖ አምላክም በልጅነቱ በሐይቅ ተማሪያቸው እንደ ነበረ ትውፊት ያስረዳል። በዚያን ዘመን በደቡብ በኩል ገና ጥቂት የነበሩት ገዳማት በኋላ እንዲበዙ ያደረገው አንዱ ትልቅ ምንጭ ይህ በውሃ መካከል የተቀመጠ ትምህርት ቤት ነው። ከደብረ ዳሞ የመጣው ትምህርት እዚህ ደርሶ እንደ ገና ወደ ሸዋና ወደ ጣና ተከፋፈለ።

መጻሕፍቱን በተመለከተ ከእጃቸው የቀረ ምስክር አለ። በ1280 ወይም በ1281 ለሐይቅ እስጢፋኖስ የሰጡት የአራቱ ወንጌል መጽሐፍ እስከ ዘመናችን ደርሷል። ዘመናቸው በውስጣቸው ተጽፎ ከሚገኝ የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት መካከል በዕድሜ ከቀደሙት አንዱ ነው። በውስጡም የራሳቸው የአባ ኢየሱስ ሞዓ ሥዕል አለ። በአገራችን የጥንት መምህራን ብዙ ናቸው፤ ነገር ግን እርሱ ራሱ በሕይወት ሳለ የተሣለ የመምህር መልክ ማግኘት እጅግ ብርቅ ነው። በ16ኛው መቶ ዓመት ጦርነት እስከ ደሴቱ ድረስ ደርሶ የገዳሙ ሀብት ሲዘረፍ ይህ መጽሐፍ መትረፉ ያስደንቃል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣሁ።

ከተማሪዎቻቸው ሁሉ ስሙ የገነነው አቡነ ተክለ ሃይማኖት ናቸው። የተወለዱት በሸዋ በጽላልሽ ነው፤ አባታቸው ጸጋ ዘአብ፣ እናታቸው እግዚእ ኀረያ ይባላሉ። ወደ ሐይቅ የመጡት ልጅ ሆነው አይደለም፤ በአማራ አገር በሌላ ገዳም ብዙ ዓመት አገልግለው፣ የጐለመሱ ሰው ሆነው ነው። በአባ ኢየሱስ ሞዓ ሥር ዘጠኝ ወይም ዐሥር ዓመት ተቀመጡ። ከዚያም ተነሥተው ወደ ደብረ ዳሞ፣ ማለት የመምህራቸው መምህር ወደ ነበሩት ወደ አባ ዮሐኒ ሄዱ።

አንባቢ ይህን ነገር ቸል ብሎ እንዳያልፈው እለምናለሁ። አንድ መምህር ዐሥር ዓመት ያህል አጠገቡ የኖረውን፣ ከሁሉ የሚተማመንበትን ተማሪ ያሰናብታል። የሚያሰናብተውም እርሱ ራሱ በወጣትነቱ ወደ ተማረበት፣ ገና ያልጨረሰው ትምህርት ወደ ቀረበት ቦታ ነው። ከሐይቅ ደብረ ዳሞ በእግር ከ400 ኪሎ ሜትር የማያንስ መንገድ ነው፤ ተራራው፣ ቈላው፣ ሽፍታው አለ። በዚያ ላይ ደብዳቤ የሚያደርስ ፖስታ ቤት የለም። አንድ ሰው ከሄደ ሞተም ኖረም ወሬው የሚሰማው መንገደኛ ሲገኝ ነው።

አቡነ ተክለ ሃይማኖት በደብረ ዳሞ ከዐሥር ዓመት በላይ ቆዩ። ሊወርዱ ሲሉ ጠፍሩ ተበጥሶ ስድስት ክንፍ እንደ ተሰጣቸው ገድላቸው የሚያወሳው፣ በየቤቱ ከሚታየው ሥዕል የምናውቀው ታሪክ በዚሁ ቦታ የሆነ ነው። ከዚያ ወርደው ወደ አገራቸው ወደ ሸዋ ሲያቀኑ በሐይቅ በኩል ተመለሱ። መምህራቸው በሕይወት ነበሩ።

ዘመኑን ስንቈጥር አባ ኢየሱስ ሞዓ በዚያን ጊዜ ሰባ ዓመት የደረሱ ወይም የተቃረቡ ሽማግሌ መሆን አለባቸው። በደሴቱ ዳር ታንኳው ሲጠጋ ማን እንደ መጣ የነገራቸው ደቀ መዝሙር ይኖር እንደ ሆነ፣ ወይስ ራሳቸው በዓይናቸው ለይተው እንዳወቋቸው እያሰብሁ በዚያች ማታ መጽሐፉን አጥፌ ብዙ ቆየሁ። ሄዶ የነበረው ሰው ከዐሥር ዓመት በኋላ ሲመለስ መልኩም ይለወጣል፤ ጢሙም ይሸብታል። መምህር ግን ያውቃል። የልጁን አካሄድ፣ ሲቀመጥ ልብሱን የሚሰበስብበትን ሁኔታ ያውቃል። ይህን የምጽፈው ከገድል አግኝቼው ሳይሆን ከራሴ ደርሶብኝ ነው።

ከዚህ የሚቀጥለው ደግሞ እኔ 24 ዓመት ሙሉ ሳላስተምረው የቀረሁት ነው። የምንኵስና ሥርዐት ደረጃ አለው፤ መነኵሴ አስቀድሞ ቀሚስና ቅናት፣ ከዚያም ቆብ፣ በመጨረሻም የፍጹምነት ምልክት የሆነውን አስኬማ ይቀበላል። እነዚህንም ሰው ለራሱ አይሰጥም፤ ከአባት እጅ ይቀበላል እንጂ። በደብረ ሊባኖስ በኩል የተጠበቀው ትውፊት እንደሚለው፣ አባ ኢየሱስ ሞዓ ከደብረ ዳሞ የወረዱት ቆብና አስኬማ ሳይቀበሉ ነበር። ለተማሪያቸው ለአቡነ ተክለ ሃይማኖት ያለፈላቸውን ያህል ሰጥተው ነበር። አቡነ ተክለ ሃይማኖት የቀረውን ከአባ ዮሐኒ ተቀብለው ሲመለሱ፣ መምህሩ ይህን አይተው ተማሪያቸውን ለመኑ፤ ከተማሪያቸውም እጅ ቆቡንና አስኬማውን ተቀበሉ።

በዚህ የተነሣ ከሁለቱ ማን ለማን አባት ይባል የሚለው ጕዳይ በኋላ በሐይቅና በደብረ ሊባኖስ ልጆች መካከል ሲያነጋግር ኖሯል። እውነት ነው፤ አባ ኢየሱስ ሞዓ በአንድ በኩል አባት፣ በሌላው በኩል ልጅ ሆነዋል። እኔ በክርክሩ ውስጥ መግባት አልሻም፤ ዕውቀቴም አይፈቅድልኝም። የሚያስደንቀኝ ግን ሌላ ነው። በደሴቱ ላይ ያሉት መነኰሳት ሁሉ የእርሳቸው ተማሪዎች ናቸው። ትልቁን ትንሹን በእጃቸው ያመነኰሱት እርሳቸው ናቸው። በእነዚያ ሁሉ ፊት፣ በሰባ ዓመት ዕድሜ፣ ትናንት ከእግራቸው ሥር ተቀምጦ ከነበረ ሰው ፊት ራሳቸውን ዝቅ አድርገው መቀበል ምን ያህል እንደሚከብድ የማላውቅ እንዳይመስላችሁ። እኔ ስለ አንዲት ቀስት፣ ያውም በባልደረቦቼ ፊት እንኳ ሳይሆን በሻይ ሰዓት በሹክሹክታ ተነግሮኝ፣ ፊቴ ጋለ ብያችሁ የለም?

አባ ኢየሱስ ሞዓ ደስ ባይላቸው ኖሮ ይህን ባላደረጉ ነበር። የቀና ሰው ከሚቀናበት ሰው እጅ አይቀበልም። ትምህርቱ ከእርሳቸው ተነሥቶ፣ በጐደለባቸው በኩል ተሞልቶ፣ ወደ እርሳቸው መመለሱን እንደ ጥቃት ሳይሆን እንደ በረከት ቈጥረውታል ብዬ አምናለሁ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ባጭሩ እጽፋለሁ። አቡነ ተክለ ሃይማኖት ወደ ሸዋ ወርደው በ1284 ገደማ ደብረ አስቦን መሠረቱ። ይህ ገዳም በ1445 በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ትእዛዝ ደብረ ሊባኖስ ተብሏል። አባ ኢየሱስ ሞዓ ግን ከደሴታቸው ሳይለቁ፣ በሐይቅ 45 ዓመት ያህል አስተምረው፣ በ1292 ወይም በ1293 ዐረፉ፤ መታሰቢያቸው ኅዳር 26 ቀን ይከበራል። ተማሪያቸው ከእርሳቸው በኋላ 20 ዓመት ያህል ኖረው በ1313 ዐርፈዋል። የሐይቅ አበ ምኔቶች ዐቃቤ ሰዓት በሚባል ማዕርግ ለብዙ ዘመን በነገሥታቱ አደባባይ ትልቅ ሥልጣን ነበራቸው፤ ይህም የአባ ኢየሱስ ሞዓ ወንበር ክብር ነው።

ስማቸው ግን እንደ ተማሪያቸው አልገነነም። አዲስ አበባ ውስጥ ተክለ ሃይማኖት ብሎ የማይጣራ የታክሲ ረዳት የለም፤ ኢየሱስ ሞዓ ብሎ ሲጣራ ግን እኔ ሰምቼ አላውቅም። ከዚህም የሚበልጥ አለ። ይኵኖ አምላክ ሲነግሥ ከቤተ ክህነት ጋር ስለ ተደረገው ቃል ኪዳን የሚነገረው ታሪክ በሐይቅ በተጻፈው ገድል ላይ ሥራው የአባ ኢየሱስ ሞዓ ነው፤ በኋላ በሰፊው የታወቀው ትውፊት ግን ያንኑ ለአቡነ ተክለ ሃይማኖት ሰጥቶታል። ተማሪው እጅግ ከመግነኑ የተነሣ የመምህሩ ሥራ እንኳ በተማሪው ስም ተጻፈ። ገድላቸውም የተጻፈው ካረፉ ከሁለት መቶ ዓመት ገደማ በኋላ ነው። ይህን ሳነብ በመጀመሪያ ስለ እርሳቸው ቅር አለኝ፤ በኋላ ግን ያንን ቆብ ከተማሪያቸው እጅ የተቀበለ ሰው በዚህ ይከፋዋል ብዬ ማሰቡ አልሆንልህ አለኝ።

ሲነጋ ለቀድሞ ተማሪዬ ስልክ ደወልሁና በሚቀጥለው ሳምንት መጥታ ያንኑ ክፍል እርስዋ እንድታስተምርልኝ ለመንኋት። ከዚያም፣ ለመናገር ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሁለት ጊዜ ካቋረጥሁ በኋላ፣ በተማሪነቷ ጊዜ በክፍሉ ፊት የተናገርኋትን ነገር ታስታውስ እንደ ሆነ ጠየቅኋት። ታስታውሰዋለች። እንዲያውም ጥር ላይ ስትመጣ እኔ የማስታውሰው መሆን አለመሆኔን ለማየት እንደ ነበረ፣ ሻይ ስንጠጣም እስክናገር ጠብቃ እንደ ነበረ ሳትደብቅ ነገረችኝ። ይቅርታ ጠየቅኋት። ለጥቂት ጊዜ ዝም ብላ ቆየችና፣ ትምህርቱ በስንት ሰዓት እንደሚጀመር ጠየቀችኝ።

በተባለው ቀን መጣች። ተማሪዎቼ ከእኔ ጊዜ ይልቅ ጸጥ ብለው እንደ ሰሟት ያለ ቅናት እመሰክራለሁ። ወደ ላይ የምትመለሰውን ቀስት ስትሥላት በቀይ ጠመኔ ነበር። እኔ ሌላ ባዶ ወንበር ስላጣሁ በመጨረሻው ረድፍ በግድግዳው ጥግ፣ እርስዋ ዓመቱን ሙሉ ተቀምጣበት በነበረው ስፍራ ተቀመጥሁ። ጊዜው ከጧቱ ሦስት ሰዓት ገደማ ነበር፤ ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ሰሌዳው ላይ ታበራለች። ከዚያ ቦታ ሆኜ ስመለከት የሰሌዳው ግራ እኩሌታ እንደ መስተዋት ያንጸባርቅ ስለ ነበር፣ ደብረ ዳሞ የሚለውን ጽሕፈት ላነበው አልቻልሁም፤ አንገቴን አዘንብዬም፣ ተነሥቼም ሞከርሁ። በ24 ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ በዚያ ወንበር ተቀምጬ አላውቅም ነበር።

ትምህርቱ ሲያልቅ ይህን ነገርኋት። ሳቀች። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ከጥቂት ተማሪዎች ጋር ሆነን ሰሌዳውን ነቅለን ወደ ሌላው ግድግዳ አዞርነው፤ የድሮው ምስማር የነበረበት አራት ቀዳዳ አሁንም እንዳለ ነው።